ለባይሳኪ ወደ ጓደኛሽ ቤት ስትሄጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሕንድ አገር፣ ፑንጃብ ውስጥ ሉዲያና ተማሪ ነሽ፣ የዶርም ጓደኛሽ ለባይሳኪ፣ ለመኸር በዓላቸው፣ ወደ ቤተሰቦቿ ትንሽ የገበሬ ከተማ ጋብዛሻለች፣ የዐቢይ ጾም ላይ ነሽ፣ «ምን ይዤ ልሂድ፣ ምንስ ልጠንቀቅ?» ነው ያልሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ውኃና ስለ ሆድ ሕመም ነው የጻፉት። እሱም ልክ ነው፤ የታሸገ ውኃ ወይም ቤታቸው ማጣሪያ ካለ ከሱ የወጣውን ጠጪ፣ በቃ። ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው፦ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ። እዚያ አገር እንግዳ መሆን ሥራ ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ሉዲያና የግብርና ማስተርሴን ተምሬያለሁ። በ2016 ሚያዝያ መጀመሪያ፣ እንደነሱ በ2024 ኤፕሪል (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ልክ እንዳንቺ ጾም ላይ ሆኜ አንዲት የክፍሌ ልጅ ሳምራላ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ወሰደችኝ። ሳምራላ ከሉዲያና ወደ ቻንዲጋር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፣ አውቶቡሱ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሁለት ቀን ብዬ ሄጄ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

ከጾሙ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ፑንጃብ ውስጥ «ሥጋ አልበላም» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው አይበላም። ግን የነሱ ሥጋ አለመብላት ወተትን፣ ቅቤን፣ እርጎን አይጨምርም። እንዲያውም የቤቱ ኩራት እሱ ነው። ጎሽ ታስረው ይታለባሉ፣ ቅቤው እዚያው ይናጣል፣ ለእንግዳ ደግሞ ሮቲው፣ ማለትም ቂጣው ላይ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ነው የሚፈስልሽ። እኔ ለማስረዳት ብዬ «ብረት ላይ ነኝ» አልኩ፤ ሂንዱዎች ጾምን እንደዚያ ስለሚሉት። አያትየው ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሄደችና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ትኩስ ወተት፣ ሙዝና እርጎ ይዛ መጣች! ለካስ በነሱ ብረት ወተትና ፍራፍሬ ይፈቀዳል፣ የሚከለከለው እህል ነው። ከእኛ ጾም ጋር ፊትና ጀርባ። ሲኮች ራሳቸው ደግሞ (የቤቱ ሰዎች እምነት ሲክ ነው) ጾምን እንደ ጽድቅ ሥራ አያዩትም፣ ስለዚህ አያትየው የምታውቀው ከሂንዱ ጎረቤቶቿ ያየችውን ነው።

ያን ቀን ወተቱን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት፤ አንድ ቃልም አልተናገረችኝም፣ ግን እስከ ማታ ድረስ ፊቷ ተከፍቶ አላየሁትም። ስለዚህ ቃሉን ተዪውና ነገሮቹን አንድ በአንድ ጥሪያቸው፦ ዱድ ነሂን፣ ጊ ነሂን፣ መከን ነሂን፣ ደሂ ነሂን። ወተት፣ የነጠረ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ፣ እርጎ የለም ማለት ነው። ከዚያ የምትበዪውን ንገሪያቸው፣ እሱ ነው ልባቸውን የሚያሳርፈው። «ሱኪ ሮቲ» በይ፣ ቅቤ ያልተቀባ ደረቅ ቂጣ ነው። ምስር ወጡን በሰናፍጭ ዘይት ይሠሩልሻል፣ ድንችና አበባ ጎመን አለ፣ ሽምብራ አለ። ሻይውን «ካሊ ቻይ» በይ፣ አለዚያ ወተት ውስጥ ተቀቅሎ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ደግሞ ጓደኛሽ ከመድረስሽ በፊት በስልክ ለእናቷ ትንገር፤ ገበታ ላይ ከተነገረ ምግቡን የናቅሽ ይመስላቸዋል።

ከአያትየው ጋር የታረቅነው በቅመም ነው። ቅመሞቿን የምታስቀምጥበትን ክብ የብረት ዕቃ ከፍታ አሳየችኝ፤ እኔም እያሸተትኩ የእኛን ስም ነገርኳት፣ እሷም የነሱን። አብሽ ሜቲ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ከሎንጂ፣ ነጭ አዝሙድ አጅዋይን፣ እርድ ሀልዲ። ምስር ላይ ስንደርስ እሷ «መሱር» አለች፣ እኔ «ምስር» አልኩ፣ እጄን ይዛ ለምራቷ «ስሚ፣ አንድ ቃል ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት የምገባው ሳልጠየቅ ነበር። ሮቲም በቀኝ እጅ ተቆርሶ ወጥ ይጠቀለልበታል፤ አበላሉን ማንም አላስተማረኝም። በተለይ አያትየው ይህን ስታይ ደስታዋ ልዩ ነበር።

አክብሮቱን አደራ። ስትገቢ እጆችሽን አጋጥመሽ «ሳት ስሪ አካል» በይ፤ ለሽማግሌዎች ጎንበስ ብለሽ እግራቸውን ንኪ፣ እነሱ እጃቸውን ራስሽ ላይ ያደርጋሉ። ጉልበት መሳም ያሳደገው ሰው አይከብደውም። ማንንም በስሙ ብቻ አትጥሪ፣ «ጂ» ጨምሪበት። አያቲቱን እኔ «ቢጂ» ነበር የምላት፣ ወንዱን «ባፑ ጂ»።

ስጦታ ላይ ነጠላ ልውሰድ ወይ ብለሽ ነበር። ውሰጂ፣ ግን ጥለቱ ደመቅ ያለ ይሁን። ሙሉ ነጭ ልብስ እዚያ የሐዘን ነው፣ ለቀብር የሚለበስ፤ በተለይ ባሏ በሕይወት ላለ ሴት እንዳትሰጪ። እኔ የሰጠሁት ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ነበር፣ ምራቷ በማግስቱ ለብሳው ጉርድዋራ ሄደች። ለራስሽም አንድ ነጠላ ያዢ፣ ቤተ ጸሎታቸው ራስ ሳይሸፈን አይገባም። ቡናም ወስጄ ነበር፤ በወተትና በስኳር ቀቅለው ጠጡት፣ እኔም አብሬ መቅመስ ባለመቻሌ አዘንኩ እንጂ ባፈላላቸው አልተከፋሁም። ከከተማ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ብትጨምሪ ይበቃል።

ጉርድዋራ ስትገቢ ጫማሽን አውልቀሽ፣ እጅና እግርሽን ታጥበሽ ነው። ሲጋራና ትምባሆ በአጠገቡም አይታሰብም። ስትወጪ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የተሠራ ትኩስ ነገር በእጅሽ ያደርጉልሻል፣ ከራህ ፕርሻድ ይባላል። ቅቤ አለው፣ የተባረከም ነው፤ መብላቱን ለንስሐ አባትሽና ለኅሊናሽ እተዋለሁ። እኔ በሁለት እጄ ተቀብዬ ለጓደኛዬ ነው የሰጠሁት፣ ማንም ቅር አላለውም። መሬት ላይ ማስቀመጥ ወይም መጣል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ላንገሩ፣ ማለትም ለመጣው ሁሉ በነፃ የሚቀርበው ማዕድ፣ መሬት ላይ በሰልፍ ተቀምጦ ነው። ሀብታሙ ከሠራተኛው ጎን ይቀመጣል።

ይህን የምልሽ ሌላውንም ስለምታይ ነው። በ2011 ቆጠራ ፑንጃብ ከሕዝቡ 31.9 በመቶው ዳሊት ነው፣ በካስት ሥርዓቱ ዝቅ ተደርገው የተገለሉት ማለት ነው፣ ከሕንድ ክፍላተ ሀገራት ከፍተኛው። በመንደሩ ሰፈራቸው ለብቻው ነው። ጠዋት ጠዋት የጎሽ እበት ጠፍጥፋ ኩበት የምትሠራው ሴት ሻይዋን የምትጠጣው ለብቻው በተቀመጠላት ብርጭቆ እንደሆነ አየሁ። ላንገር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። እንግዳ ሆነሽ ልታስተምሪያቸው አትችዪም፤ ግን ለዚያች ሴት እንደሌላው ሁሉ «ሳት ስሪ አካል» በያት፣ ስሟን ጠይቂያት። እኔ ይህን ያደረግሁት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ባደርገው ይሻል ነበር።

ቀለምሽን ያዩሻል፣ ይህንን አልደብቅሽም። ሕፃናት ይከተሉሻል፣ ፎቶ ይጠይቁሻል። አንድ አጎት ፊቴ ላይ «ሀብሺ» ሲል ጓደኛዬ በሐፍረት ቀላች፤ አሁን ለማንኛውም ጥቁር ሰው የሚሉት ነው፣ አንዳንዴም ስድብ ይሆናል። እኔ ግን «ትክክለኛዋ ሀብሺ እኔ ነኝ፣ ቃሉ የእኛ ነው» አልኩት። ደልሂን ከ1236 እስከ 1240 በገዛችው በሱልጣን ራዚያ ዘመን የፈረሶች አለቃ የነበረው ያቁት ሐበሻ እንደነበር ነገርኩት፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሌላም ጠየቀኝ። «ካሉ» የሚልሽ ካለ ግን እሱ ስድብ ነው፣ ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ ዝም አትበይ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ባይሳኪ ኤፕሪል 13 ወይም 14 ይውላል፣ ስንዴው የሚታጨድበት ጊዜ ነው። እኔ የደጀን ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ጋ አጨዳው፣ ክምሩ፣ አውድማው፣ በበሬ ውቂያው ወር ይፈጃል። እዚያ ኮምባይነሩ ጠዋት ገባ፣ ከምሳ በፊት የባፑ ጂ ማሳ አለቀ። ከኋላው ሌላ ማሽን መጥቶ የቀረውን አገዳ ፈጭቶ ገለባ አደረገው፣ ቱሪ ይሉታል፣ ለጎሾቹ ነው። ቆሜ እያየሁ ዕንባዬ መጣ፤ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው። ባፑ ጂ በልጅነቱ የነበረው ስንዴ ደረቱ ድረስ ይደርስ እንደነበር በእጁ አሳየኝ። ከሜክሲኮ የመጣው አጭሩ ስንዴ በ1960ዎቹ ነው የገባው፤ በ1962 የተቋቋመው የሉዲያናው የግብርና ዩኒቨርሲቲም ዝርያዎቹን ለዚያ መሬት ካስማሙት አንዱ ነው። ያንን ታሪክ በክፍል ተምሬዋለሁ፤ ከሱ አፍ ስሰማው ግን ዋጋውንም ሰማሁ፦ በክረምት ለሩዝ ሲሉ የሚስቡት የከርሰ ምድር ውኃ እየራቀ፣ ጉድጓዱን ሦስት ጊዜ አስጠልቋል።

አንድ ማታ ነፋስ ተነሥቶ ዝናብ ጣለ። ሙቀቱ ከብዶኝ ስለነበር «ተመስገን፣ ዝናብ!» ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ዘወር ስል ማንም አልተንቀሳቀሰም። የባፑ ጂ ወንድም ስንዴ ገና አልታጨደም ነበር። የኅዳር ዝናብ አባቴን እንዴት እንደሚያሳቅቀው እያወቅሁ፣ ማሳው የእኛ ስላልሆነ ረሳሁት። አንቺ እዚያ ሳለሽ ደመና ከመጣ ከነሱ ጋር ዝም በይ።

ዳና ማንዲ፣ የእህል ገበያው፣ ሳትሄጂ እንዳትመለሺ። ሳምራላ የራሷ አላት፤ ጎረቤቷ ካና ያለው በእስያ ትልቁ ነው ይባላል። ስንዴው አስፋልት ላይ ተራራ ተራራ ሆኖ ይፈስሳል፣ ከቢሃርና ከኡታር ፕራዴሽ የመጡ ሠራተኞች ያበጥሩታል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሰፋል። ስንዴውን የሚገዛው መንግሥት ነው፣ ዋጋውም አስቀድሞ ይታወጃል፤ በዚያ ዓመት ኩንታሉ 2,275 ሩፒ ነበር። በመካከል «አርቲያ» የሚባል ኮሚሽን የሚወስድ ደላላ አለ፤ ለገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚያበድረውም እሱ ነው። ከ2021 ጀምሮ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ገበሬው ባንክ ይገባል፤ ባፑ ጂ ግን አሁንም ማታ ማታ ሻይ የሚጠጣው አርቲያው ሱቅ ነው። የተረጋገጠ ዋጋ ለምን ገበሬዎቹን በደልሂ ዳር ከ2020 እስከ 2021 መጨረሻ አንድ ዓመት ያህል ለተቃውሞ በትራክተር ላይ እንዳሰፈራቸው የገባኝ እዚያ ነው።

ቤቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ተዘግተዋል። በየመንገዱ የእንግሊዝኛ ፈተናና የካናዳ ቪዛ ማስታወቂያ ነው። የቢጂ የልጅ ልጅ ካናዳ፣ ብራምፕተን ነው፤ ማታ በስልክ ሲያወራት ስልኩን ወደ እኔ አዞረችና «የአፍሪካ ልጄ ናት» አለችው። ጊዜሽን ለሽማግሌዎቹ ስጪ። ግቢው ውስጥ ጠፍር አልጋ የመሰለ «መንጃ» አለ፣ ከነሱ ጋር ተቀመጪበት፣ አተር ፈልፍዪ፣ ስለ ቤታችሁ በሬ አውሪያቸው። 1947ን (ፑንጃብ ለሕንድና ለፓኪስታን የተከፈለበትን) ወይም 1984ን (ሲኮች የተጨፈጨፉበትን) ግን አንቺ አታንሺ፤ እነሱ ካነሱት ስሚ። የበሬ ጥሬ ሥጋ እንደምንበላም እዚያ ገበታ ላይ የሚወራ አይደለም።

ሁለት የወረቀት ነገር። የውጭ ዜጋ በግል ቤት ሲያድር አስተናጋጁ በ24 ሰዓት ውስጥ «ፎርም ሲ» ሲባል የቆየውን የእንግዳ ምዝገባ በኢንተርኔት መፈጸም አለበት። ገጠር ላይ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከመሄድሽ በፊት ከጓደኛሽ ጋር ጨርሱት፣ ለዩኒቨርሲቲሽም አሳውቂ። ጥሬ ገንዘብም ያዢ፣ እዚያ የሻይ ቤቱ ሳይቀር በስልክ ነው የሚከፈለው፣ የሕንድ ባንክ ከሌለሽ ትቸገሪያለሽ።

ለቤቱ ሰዎች ግን ገንዘብ እንዳታወጪ። ስትሄጂ እነሱ ናቸው የሚሰጡሽ፣ «ሸገን» ይባላል፣ ሁልጊዜም በአንድ ያልቃል፣ 101 ወይም 501። ቢጂ 501 በእጄ ስታደርግ ሦስት ጊዜ መለስኩላት፤ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ነው የተቀበልኩት። አምስት መቶውን በመንገድ ጨረስኩት፣ አንዷ ሩፒ ሳንቲም እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

የጎደለ ካለ ጠይቂኝ። የምትሄጂበትን ከተማ ስም ብትጽፊ ስለ አውቶቡሱ ልነግርሽ እችላለሁ።