ከፍ ያለ መኪና ከኋላ ሲጮህ፦ የአዳማ ጥያቄና መልስ

አዳማ ላይ ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲነሳ አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል። «መኪናዬን ከፍ ካስደረግኩ ወዲህ ከኋላ ይጮሃል፤ ባሌስትራ ልቀይር?» የሚል ነው። እኔ የራሴን ሃይሉክስ ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጌያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጮኋል። አንድም ጊዜ ግን ጥፋቱ የባሌስትራው አልነበረም። ዛሬ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ በመጣበት ቅደም ተከተል እነሆ።

ሃይሉክሴ ሁለት ኢንች ከፍ ብሏል። ኮብልስቶን ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አስፋልት ላይ ዝም ይላል። ምን ይሆን?

ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። በመሃላቸው ጭቃ ገብቶ ሲደርቅ ወይም ሲዝጉ ሲጥ ይላሉ። ብዙ ባሌስትራዎች በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማንሸራተቻ አላቸው። እሱ ካለቀ ወይም ከወደቀ ብረት ብረትን ይፍቃል።

ግን ጎሚኒም፣ ማለትም ባሌስትራው ከመኪናው ጋር በሚታሰርበት ጫፍ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት፣ እንዲሁ ሲጥ ይላል። ለመለየት አንድ ጠርሙስ ውሃ ይበቃል። ሁለት ጎረምሶች የኋላ መከላከያው ላይ ቆመው ያወዛውዙት፤ አንተ ጎንበስ ብለህ አዳምጥ። መጀመሪያ ቅጠሎቹን ብቻ አርጥብ። ድምፁ ከጠፋ አገኘኸው። ካልጠፋ የፊተኛውን ጎሚኒ፣ ከዚያ የኋለኛውን፣ ከዚያ የሾክ አብዞርበሩን ላይና ታች አርጥብ። አንድ በአንድ ይሁን። ሁሉንም በአንዴ ካጠብከው ድምፁ ይጠፋል፣ አንተም ምንም ሳታውቅ ትቀራለህ።

መካኒኩ የተቃጠለ ዘይት ቀባልኝ። ሁለት ሳምንት ዝም አለና ብሶበት መጣ።

ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም በገዛ እጄ። ወንጂ ሁለቴ ደርሼ ስመለስ ባሌስትራው ሊጥ የተለሰነበት ይመስል ነበር። ዘይት አቧራ ይጠራል። አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ደግሞ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል። በዚያ ላይ ዘይቱ ወደ ጎሚኒው ሲወርድ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል።

አሁን በሳሙናና በግፊት ውሃ አሳጥበው፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሻንሲውን፣ ማለትም የመኪናውን ዋና የብረት አጽም፣ አንስተህ በጠንካራ መደገፊያ አስቀምጠው። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከስር መግባት የለም። አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ወፍራም ብረት፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል ክብደቱ ከቅጠሎቹ ላይ ይነሳል፣ ጫፋቸው በትንሹ ይከፈታል። በዚያ ክፍተት ደረቅ የግራፋይት ቅባት ይነፋበታል። ደረቅ የሆነው አቧራ አይዝም። ማንሸራተቻው ካለቀ ግን ቅባቱ ማስታገሻ ነው፤ ባሌስትራው ተፈትቶ ይቀየርለት።

የኔ ሲጥ አይልም። ስነሳ አንዴ ኳ፣ ፍሬን ስይዝ አንዴ ኳ!

አንተን ነው ስጠብቅ የነበረው። ሲጥታ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ኳታ ግን የሆነ ነገር ላልቶ ቦታውን እየለቀቀ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ዩ ቦልቶቹን እይ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር አቅፈው የያዙት እነሱ ናቸው። መኪና ከፍ ሲደረግ ይፈታሉ። ብዙ ጋራዥ አሮጌዎቹን መልሶ ያስራል። ዩ ቦልት ደግሞ ሲጠብቅ የሚለጠጥ ብረት ነው፤ አንዴ የተለጠጠ ሁለተኛ እንደ አዲስ አይዝም። አዲስ ይገዛ። አራቱም ዳዶዎች በመስቀል፣ ተራ በተራ ይጥበቁ። መጠኑ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ነው እንጂ የመካኒኩ ጉልበት አይደለም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ቅጠሎቹ ተጫጭነው ሲረጉ ዩ ቦልቱ ይላላልና። ይሄን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው ኳታ አብዛኛው መነሻው እዚህ ነው።

ምልክቱ ቀላል ነው። በዩ ቦልቱና በባሌስትራው መገናኛ ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ ቅጠሎቹን በመሃል የሚያያይዘው ብሎንም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሜትር አውጣና ከባሌስትራው የፊት ማሰሪያ እስከ አክስሉ በቀኝም በግራም ለካ። ልኩ ከተለያየ አክስሉ ሸሽቷል፤ መኪናው ከዚያ አይነዳ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ክሮቼራውን፣ ማለትም ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ መገጣጠሚያ፣ በእጅህ ያዝና አወዛውዘው። እሱም ሲያልቅ ልክ እንዲሁ ነው የሚለው።

ከፍ ለማድረግ ብረት በብረት ላይ ደርበውልኛል። ችግር አለው?

አለው። በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የሚገባው ብረት አንድ ይሁን። ሁለት ከተደራረበ ፍሬን ሲያዝ ይጠመዘዛል። አስወጣው።

ፖሊዩረቴን ጎሚኒ ጠንካራ ነው ተብዬ አስገባሁ። ከበፊቱ ባሰ።

ፖሊዩረቴን ከጎማ የሚለየው በውስጡ ያለው ብረት እንዲዞርበት ተደርጎ መሠራቱ ነው። ስለዚህ ሲገባ የራሱን ወፍራም የሲሊኮን ግሪስ ይፈልጋል። በደረቁ ከገባ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። መፍታት፣ ማጽዳት፣ መቀባት፤ ሌላ መላ የለውም።

የጎማ ጎሚኒ ተቃራኒው ነው። አይቀባም። ጎማው ራሱ እየተጠመዘዘ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ብሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው ጎማዎቹ መሬት ረግጠው፣ መኪናው በራሱ ክብደት ሲቆም ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ይጮሃል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መካኒክህ መኪናውን ሳያወርድ ቁልፉን ከሰበሰበ ጠይቀው። ቢቆጣም ጠይቀው።

እኔ ፕራዶ ነው የምነዳው ልጄ። ባሌስትራ የለውም። ከጉድጓድ ስወጣ ድንግ ይላል።

ልክ ነዎት ጋሼ፣ የእርስዎ ከኋላ ሞላ ነው። ከፍ የተደረገ ሞላ ድንግ ሲል ሦስት ነገር ያስጠረጥራል። አንዱ የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አለመግባቱ ነው፤ ጫፉ ማረፊያው ድረስ መዞር አለበት። ሁለተኛው ከሞላው ላይ የሚቀመጠው ጎማ ተረስቶ ወይም ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ረጅም ሾክ ከተገጠመ ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሾኩ ከሞላው ይበልጥ ይረዝማል፣ ሞላው ከመቀመጫው ይለቃል፣ ሲመለስ ይደውላል። አንስተው ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላውን በእጅዎ ያሽከርክሩት። በቀላሉ ከዞረ መልሱ ያ ነው።

አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያገናኘውን ረጅም ዘንግም ያሳዩት። መኪናው ከፍ ሲል እሱ ያጋድላል፣ አክስሉንም ወደ ጎን ይስበዋል። የጫፉ ጎሚኒ ካለቀ ኩርባ ላይ ይንኳኳል።

ባዶውን ሲሆን ይንቋቋል፣ ጤፍ ስጭን ዝም።

ከስር የተንጠለጠለውን ስኮርት ጎማ አጥብቀው። አትሳቅ፣ ሁለት ሰው ባሌስትራ ሊቀይር ሲል በዚህ አስቁሜያለሁ። እሱ ካልሆነ የሁልጊዜ ጭነት ላለበት መኪና የተሠራ ባሌስትራ ሸጠውልሃል ማለት ነው፤ ባዶውን አይታጠፍም፣ ይነጥራል።

ፈጣን መንገዱ ላይ 80 ስደርስ ከስር ያጉረመርማል።

መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ባሌስትራውን ተወው። መኪናው ከፍ ሲል ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ማዕዘኑ ይለወጣል። ዲፍረንሻሉ፣ ማለትም አክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ቤት፣ በሽብልቅ ብረት ይስተካከላል። ዘንጉ ባለ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሃል ኩሽኔታው ዝቅ ይደረጋል። የጎማ ሚዛን ግን አስቀድመሽ አሠሪ፤ እሱ ይረክሳል።

ድምፁ ጠፍቶልኛል። ግን ፍሬኔ እንደ ድሮው አይመስለኝም። ይገናኛል?

ይገናኛል፤ ጥሩ አደረግሽ ጠየቅሽ። ብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማከፋፈያ አለ። የኋላው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ከፍ ሲል ይቀንሳል። መኪናውን ከፍ ስታደርጊው ሁልጊዜ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ጤፍ ጭነሽም ቢሆን። የዘንጉ ማሰሪያ በተነሳው ልክ መስተካከል አለበት። እግረ መንገድሽን የፍሬን ጎማ ቱቦውንና የእጅ ፍሬን ገመዱን እይ፤ አክስሉ ሲንጠለጠል መወጠር የለባቸውም።

ነገ በጠዋት ወደ አዋሽ ልወጣ ነው። ድምፁን ሳላሠራ ልሂድ?

ሲጥ ከሆነ ሂድ። ኳ ከሆነ ዛሬ ማታ ከስር ግባና ዩ ቦልቶቹን እይ። ቁልፏንም መኪና ውስጥ ጣል አድርጋት፤ መተሐራ ስትደርስ አንዴ ትሞክራቸዋለህ።