ለመንዟ እህቴ፦ ከእስክስታው በፊት አንገቱ ይታይ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስፖርት ሳይንስ ተመርቀሽ ወደ መሃል ሜዳ ከተማ ተመልሰሻል። ዳውን ሲንድረም ያለበት የ14 ዓመት ወንድምሽ ዘፈን ሲሰማ ብድግ ብሎ እስክስታ ሲመታ እያየሽ፣ እንደ እሱ ያሉትን በእንቅስቃሴ የመርዳት ሙያ ልያዝ ወይ ብለሻል። አዎ፣ ያዢው።

ግን ባለሽ ዲግሪ ማሠልጠን እንጂ ማከም አትችይም። ሕክምናው ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም አካልን በእንቅስቃሴ ማከም ነው፤ ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዳንስ ቴራፒ የሚባለው ደግሞ በውጭ አገር በሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ፣ ወደ ሥነ ልቦናው የሚያደላ ሌላ ሙያ ነው።

ልዩነቱን የማጠብቀው በምክንያት ነው። እነዚህ ልጆች 21ኛው ክሮሞዞማቸው (የዘር ውርስ ተሸካሚው) በሁለት ፈንታ ሦስት ስለሆነ ጡንቻቸው ይላላል፣ መገጣጠሚያቸውም እንደዚያው። ዘግይተው ይሄዳሉ፣ ሲቀመጡ ይጎብጣሉ። እስክስታ ለዚህ ደግ ነው፤ ትከሻ የሚመታ ሰው ሆድና ጀርባውን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ የላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች በደንብ አይያያዙም። አንገት መወርወርና መገለባበጥ ሕብለ ሰረሰራቸውን ሊጎዳ ይችላል። አረማመዱ ከተበላሸ፣ እጁ ከዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ያኔውኑ አቁሞ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው እንደሚወለዱም አትርሺ።

ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ውስጥ ያየኋት ዳውን ሲንድረም ያለባት ልጅ ከዓይኔ አትጠፋም። «እጅሽን አንሺ» ሲሏት ዝም። አሠልጣኟ ፊቷ ቆማ እጇን ቀስ አድርጋ አነሳችና ጠበቀች። ልጅቷ ጥቂት ቆይታ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሳቀች። ብዙዎቹ ከሚሰሙት ይልቅ በሚያዩት ይማራሉ፣ ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋሉ። ያቺ መጠበቅ የሥራው ግማሽ ናት።

ለእኔ ፊዚዮቴራፒ ይሻልሻል። እንደገና ከመጀመሪያ ዲግሪ መነሳቱ ከከበደሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አለልሽ፤ ያኔ ግን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር እየተመካከርሽ ነው የምትሠሪው። ከመወሰንሽ በፊት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሄደሽ ሁለት ሳምንት ልይ ብለሽ ጠይቂ፤ ማስታወሻ ያዢ።

ወንድምሽን በዚሁ ሰሞን ለሐኪም አሳዪው፣ ልቡም አንገቱም ይታይለት። እስከዚያ ትከሻውን ይምታ፤ አንገቱን ግን አይወርውር።