ዘጠኙ ያልተመለሱት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፋርማሲ ተማሪ «ጋሼ፣ የባህል ሐኪሙ የቀቧቸው ሁሉ ድነዋል። ታዲያ መድኃኒቱን የማያገኝ ሌላ ቡድን ለምን ያስፈልገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሷ ዕድሜ ራሴን ልጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

ያኔ ጀማሪ ፋርማሲስት ነበርኩ። ቡራዩ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ አዛውንት መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። ልጆች እጅ ላይ ለሚወጣ ኪንታሮት ቅባት ይሰጣሉ። ቅባቱ በቀንድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በዶሮ ላባ ጫፍ እየነኩ ይቀባሉ። ቅጠሉን አይናገሩም። «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል» ይላሉ።

ዱካ ላይ ተቀምጬ 26 ልጆች መዘገብኩ። ከሁለት ወር በኋላ 17ቱ ተመለሱ፤ የ15ቱ እጅ ጠርቷል። ዘጠኙ ቀሩ። የዳነ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ ሁሉንም «ድኗል» አልኳቸው። 24 ከ26! ስብሰባ ላይ ሳነበው ተጨበጨበልኝ።

በኋላ ገበያ ላይ ከዘጠኙ የአንዷን እናት አገኘኋት። ልጅቷ እጇን እናቷ ነጠላ ውስጥ ደብቃለች። እናትየው ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ሳንቲም የሚያክል፣ የተጨማደደ የቃጠሎ ጠባሳ። ለምን አልመጣችሁም አልኳት። «አባባን ማሳፈር ከብዶኝ» አለች።

የልጆች ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ሳይነካ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የ15ቱም መዳን የቅባቱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? በዚያ ላይ አባባ አንዳንዱን ልጅ «ለዚህ እጄ አይሆንለትም» ብለው ይመልሱ ነበር። የመለሷቸውን አልመዘገብኩም።

ዕጣ ማውጣት ነበረብኝ። ዕቁብ እንደምንጥለው ነው፤ ዳኛውም ሰብሳቢውም ለማን እንደሚደርስ አያውቁም። ለግማሾቹ ቅባቱ፣ ለግማሾቹ መልኩና ሽታው የሚመስል ሌላ ቅባት። ውጤቱን የሚያየውም ማን የቱን እንደተቀባ የማያውቅ ሰው። በ1948 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዞች የስትሬፕቶማይሲን መድኃኒት ጥናት 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን የመደበው እንዲሁ በዕጣ ነው። ወላጆች ስለሚፈርሙት የፈቃድ ወረቀት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ግን ስሌቱ ላይ ትቸኩላላችሁ። በሽተኛውን ሳታዩ ኮምፒውተሩን ትከፍታላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቆመው በማየት ነው። ረጋ በሉ።

ደግሞም አትዘግዩ። እኔ ከኀፍረት የተነሳ ወደ አባባ አልተመለስኩም። ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም አረፉ። ቅባቱ ያድን ወይም ያቃጥል፣ ሳይፈተሽ ቀረ።

ልጃቸው አሁንም እዚያው ቡራዩ ይቀባል አሉ። ለተማሪዋ ደውዬላታለሁ፤ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ የምንጠይቀው ተቀብተው ያልተመለሱት የት እንደሚኖሩ ነው።