የተፈጨ ጠርሙስ በአሸዋ ፈንታ ውኃ ያጣራልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በዝዋይ አካባቢ ነው። የሐይቁ ውኃ ድፍርስ ሲሆን፣ የጉድጓዱ ደግሞ ኩልል ያለ ቢመስልም የልጆቻችንን ጥርስ ያበልዛል። የቢራ ጠርሙስ ወደ ፋብሪካው ስለሚመለስ አይተርፍም፤ የወይን ጠጅና የአረቄ ጠርሙስ ግን ቆራሌውም እምብዛም አይወስደው። ጥሩ አሸዋ ከሩቅ በመኪና ስለሚመጣ፣ ይህን ጠርሙስ ፈጭቼ በበርሜል ማጣሪያ ውስጥ በአሸዋ ፈንታ ልጠቀምበት አስቤአለሁ። ለመጠጥ ይሆናል? የጥርሱንስ ችግር ያስወግዳል?

መልስ፦ የተፈጨ ጠርሙስ ውኃ ማጣራቱ አያጠራጥርም። በስኮትላንድ ከአረንጓዴና ከቡናማ ጠርሙስ የሚዘጋጅ የማጣሪያ ፍሬ ለመዋኛ ገንዳዎች ይሸጣል። ጠርሙስ ራሱ የሚሠራው በአብዛኛው ከሲሊካ አሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ መፍጨት ማለት አሸዋውን ወደ ጥንተ መልኩ እንደ መመለስ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ለገንዳ የሚበጀው ባሕርይ ለእርስዎ በርሜል እንቅፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱን ማብራራት ያስፈልጋል።

በገንዳ ማጣሪያ ውኃው በፓምፕ ኃይል በፍጥነት ያልፋል፤ ፍሬዎቹ ሲቆሽሹ ደግሞ ውኃ ከታች ወደ ላይ ተገፍቶ ያጥባቸዋል። የጠርሙስ ፍሬ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ረቂቅ ሕዋሳት እንደ ልብ አይጣበቁበትም፤ ስለዚህ አሸዋ ተጓጉሎ ውኃው በስንጥቅ መካከል ሳይጣራ የሚያመልጥበት ችግር ይቀንሳል። በበርሜል ማጣሪያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1892 በሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ሲገባ፣ ከዚያው ከኤልበ ወንዝ በአሸዋ የተጣራ ውኃ የምትጠጣው ጎረቤቷ አልቶና በአመዛኙ ተርፋለች። ያተረፋት የአሸዋው ጥራት ብቻ አልነበረም፤ እንደ እርስዎ በርሜል ውኃው ቀስ ብሎ በሚያልፍበት ዝግተኛ ማጣሪያ የላይኛው ገጽ ላይ የሚበቅለውና ጀርሞችን የሚበላው ሕያው ሽፋን ትልቁን ሥራ ይሠራል። እርስዎ የሚፈልጉት ይህ ሽፋን በደንብ እንዲይዝ ነው።

ስለዚህ ከላይ ያለውን ንብርብር፣ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ በታጠበ ተፈጥሯዊ አሸዋ ሠርተው፣ ጠርሙሱን ከሥሩ ያድርጉት ብዬ እመክራለሁ። የሁለቱም ፍሬ ከ0.7 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ከታች ደግሞ ጠጠር ይነጠፋል። ውኃው ሳይፈስ በሚቆምበት ጊዜ ከአሸዋው በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ መቅረት አለበት፤ ይህ ከደረቀ ሽፋኑ ይሞታል። ሽፋኑ እስኪጠነክር እስከ 30 ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣውን ውኃ አይተማመኑበት።

በጥሬ ዕቃው ላይ ግን ጥብቅ መሆን ይገባል። የመጠጥ ጠርሙስ ብቻ ይምረጡ፤ የአሮጌ ቴሌቪዥን መስታወትና የክሪስታል ብርጭቆ እርሳስ፣ የፍሎረሰንት አምፖል ደግሞ ሜርኩሪ ስላለባቸው ፈጽሞ እንዳይቀላቀሉ። ወረቀቱንና ቆርኪውን ካስወገዱ በኋላ ጠርሙሱን እያረጠቡ ይፍጩት። የጠርሙስ ብናኝ እንደ ኳርትዝ አሸዋ ብናኝ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ የማምጣት ጠባይ ባይኖረውም፣ ዓይንንና ጉሮሮን ያቆስላል፤ መነጽር፣ ጭምብልና ወፍራም ጓንት ያስፈልጋሉ። በወንፊት ከነፉት በኋላ የማጠቢያው ውኃ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ደጋግመው ይጠቡት፤ በውስጡ ረዥም ስንጥር ካዩ መልሰው ይፍጩት።

ተጣርቶ የወጣውን ውኃ ከመጠጣት በፊት እንደ ውኃ አጋር ባለ ክሎሪን ማከም ወይም ማፍላት ያስፈልጋል። ማጣሪያው ድፍርሱን ስለሚቀንስ ክሎሪኑ ሥራውን ይበልጥ ይሠራል እንጂ፣ ማጣሪያው ክሎሪኑን አይተካም።

የጥርሱ ነገር ግን ሌላ ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ በውኃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ፣ አሸዋም ሆነ ጠርሙስ አይዘውም፤ ማፍላትም አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን ያበዛዋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሥራ ላይ ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ነው፤ የዝናብ ውኃ አጠራቅሞ ለልጆች መጠጥ ብቻ መለየትም ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመመሪያ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ጠርሙስ መልቀም ከመጀመርዎ በፊት የጉድጓዱን ውኃ በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲመረመር ያድርጉ፤ ውጤቱ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ በርሜሉን ለሐይቁ ውኃ ብቻ ይጠቀሙበት።