«አይ7 ነው» ቢሉኝ ልመን?

ጥያቄ፦ ለጽሕፈት፣ ለኤክሴልና ለፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሆን ዴስክቶፕ ፈልጌ አዲሱ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ሻጩ ያገለገለ ኮር አይ7 አሳይቶኝ «አይ5 አጠገቡም አይደርስ» አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ አይ7 የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ «አንጎል») ደረጃ ስም ነው፤ አይ7 መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ ትውልዱን የሚነግርዎት እሱ ነው። አይ7-3770 በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ 3ኛ ትውልድ ነው፣ 4 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) አለው፤ አይ5-8500 ግን 8ኛ ትውልድ፣ ባለ 6 ኮር ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ሲሆን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ 3770ውን በርካሽም ቢሰጡዎት ይለፉት።

ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) 8 ጊጋ ይበቃል፤ በአንድ ፍሬ ከሆነ ሌላውን ቀዳዳ ሳይነኩ ወደፊት ይጨምሩበታል። ዋናው ግን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ) ነው፤ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ማሽን 1 ቴራ ተራ ሃርድ ዲስክ ካለው በብዙ ይፈጥናል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አስነስተው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈት የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግመው ይጫኑ። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ይተዉት፤ «በኋላ እናስከፍታለን» የሚባለው ነገር ራስ ምታት ነው። ቀንና ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት።

ከተረፈዎት ገንዘብ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ይግዙ። ሌዘር ፕሪንተር ግን አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ከነኮምፒውተሩ ሊያጠፋው ይችላል።