ኮሌስትሮሉ «ኖርማል» ከሆነ ለምን 80 ሚሊግራም?

እህቴ፣ አባትሽ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ስርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባላቸው በኋላ ኮሌስትሮላቸው «ኖርማል» ሆኖ ሳለ አቶርቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት 80 ሚሊግራም ለምን ታዘዘላቸው ብለሻል። «ኖርማል» የሚለው ለጤነኛ ሰው ነው። የልብ ደም ስሩ ለጠበበ ሰው መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ55 በታች ይላል። 80 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ኤልዲኤልን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው አስቴሮይድ በተባለ ጥናት፣ ሮሱቫስታቲን የተባለ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት 40 ሚሊግራም ለሁለት ዓመት የወሰዱ ሰዎች ደም ስር ላይ የተጋገረው ስብ በመጠኑ ቀንሷል። የመድኃኒቱ ትልቁ ጥቅም ግን የቀረው ስብ እንዳይፈነዳና ደም እንዳይረጋበት ማድረጉ ነው።

መድኃኒቱን እየወሰዱ ጡንቻቸውን አጥብቆ ካመማቸው፣ ወይም ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። እባክሽ፣ «ተሻለኝ» ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡት።