መልስ፦ በረዶ የሸፈነው አስፋልት ላይ እንዴት ልውረድ?

ወንድሜ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በረዶ አስፋልቱን ነጭ ቢያለብሰው ፍሬን ልያዝ ወይስ ልተው ብለህ ጠይቀሃል። በድንገት አትርገጥ። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቁልቁለቱ ብቻውን መኪናውን ይገፋዋል። ጠመዝማዛው ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝልህ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድማ ራስን ለገደል መስጠት ነው!

የክረምት በረዶ ጠጠር ቢመስልም ጎማ ሲጫነው ይቀልጣል፤ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትተው በላዩ የሚቀረው ስስ ውኃ ነው። በረዶ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ አስፋልት እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል ከፊትህ ካለው የጭነት መኪና በጣም ራቅ።

የኋላ ጎማ ወደ ቀኝ ከሸሸብህ እግርህን ከነዳጁ አንሳና መሪውን በዝግታ ወደዚያው ወደ ቀኝ አዙር። እኔን አንድ ነሐሴ ከገደሉ አፍ የመለሰኝ ይህ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። መኪናህ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ካለውና የግድ መቆም ካለብህ ግን ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ፤ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ቢንዘፈዘፍም አትልቀቀው። ደመናው ከጦሳ ተራራ በኩል ጠቁሮ ካየኸው ደግሞ ደሴ ላይ ሻይ እየጠጣህ እስኪያልፍ ጠብቅ።